ከ«ትንፋሽ» የጠፋችው ሣጥን

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የሙዚየሙ ኃላፊ የሁለተኛውን ፎቅ አዳራሽ ከፈተ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሸፈነውን ጥቁር ጨርቅ ገለጥ ሲያደርግ ክው ብሎ ቀረ። ቅዳሜ ለሕዝብ የሚታየው፣ «ትንፋሽ» የተባለው ትልቁ የጥበብ ሥራ መሃሉ ባዶ ሆኗል። አልተሰባበረም፣ አልተቦጫጨቀም። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የምትረዝም፣ ወርዷ አንድ መዳፍ የሚሆን የመስታወት ሣጥን ዙሪያዋ በስለት ተከርክሞ፣ ከነክዳኗ ተነስታለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሩ ከፎቶ አንሺው ጋር ደረሰ። ባልደረቦቹ «ስንት ሰዓት» ይሉታል። ሰው ተገደለ ሲሉት «ስንት ሰዓት ላይ?» ይላል፤ አንዱ የሥራ ጓደኛው ሚስቴ ወለደች ሲለው እንኳ እንኳን ደስ ያለህ ከማለቱ በፊት «ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ ጠይቋል ይባላል። ያን ቀንም ጥያቄውን አፉ ላይ አድርጎ ገባና ረሳው።

ከበሩ ላይ ሲያየው የሰው ሳንባ ነው። ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አናቱ ላይ አይደርስም። ግራና ቀኙ የተነፋ፣ አሁን ስቦ አሁን የሚያስወጣ ይመስላል። አምስት እርምጃ ቀረበ፤ ሳንባው ጫካ ሆነ። ሥጋቸው ተነቅሎ ጅማታቸው ብቻ የቀረ ቅጠሎች፣ በሺህ የሚቆጠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ በሐር ክር ተሰፍተዋል። ሁለት እርምጃ ጨመረ፤ ጫካው ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ወንዝ ሆነ። ገባሮቹ የመዳብ ሽቦ፣ ደሴቶቹ የዓሣ ቅርፊት፣ ዳርቻው አረንጓዴ የጥንዚዛ ክንፍ። አፍንጫው ሊነካው ሲቃረብ ደግሞ በሰም ውስጥ የተቀበረ ዘር፣ የወፍ እንቁላል ስባሪ፣ ከእስክርቢቶ ነጥብ የማትበልጥ ቀንድ አውጣ አየ። በዚህ ሁሉ መሃል፣ እርጥብ ወረቀት ላይ፣ ደማቅ ቢጫ ነገር እንደ ደም ሥር ተዘርግቷል።

«ይኼን ሰው ነው የሠራው?» አለ ፎቶ አንሺው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። ከዚያ ራሱን ሰበሰበና ባዶው ቦታ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶ አስነሳ።

ኃላፊው ከኋላው ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉ ነበር። ለዘበኛው አስረክቤ ፈርሜያለሁ፤ ይኸው ወረቀቱ። ቁልፍ ያለን ደግሞ እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ቤቴ ነበርኩ። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«በዓይንዎ አይተው ነው ያስረከቡት?»

«አይቻለሁ አልኩ እኮ!»

ዘበኛው ከታች፣ ከፖሊስ መኪናው አጠገብ፣ በሁለት ኮንስታብሎች መሃል ቆሟል። ኮቱ ተቆልፏል፣ ቆቡ በእጁ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል።

«አባባ፣ ሌሊቱን ማንም አልገባም?»

«ማንም። ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ገለባ የተሞላ አንበሳ ስጠብቅ ኖርኩ። አንድም ቀን ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። አሁን በስተርጅናዬ የቅጠል ሌባ ልባል?»

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ግን ፊርማ ፊርማ ነው። ሽማግሌው ለጥያቄ ወደ ጣቢያ ተወሰደ።

ሠዓሊዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከሲታ፣ ጣቶቿ በሙጫና በቀለም የተዥጎረጎሩ፣ አዲስ መነጽር ያደረገች። ባዶውን ቦታ አየች። ኢንስፔክተሩ ጩኸት ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሣጥኗ ውስጥ ምን ነበር?» አላት።

«ደረቅ ነገር። ከሌላው የማይለይ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ትቶ እሷን ብቻ የሚወስድ ማን ነው?»

«አላውቅም።» ዓይኗን ሰበረች። «ዘበኛው ግን አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«አይደለም አልኩህ፣ ወንድሜ። አሁን ጨርቁን መልስልኝ። ቢጫዋ ብርሃን አትወድም።»

ስለ ቀለም የምታወራ መሰለው። ጨርቁ ከመውረዱ በፊት ግን ከሣጥኗ መያዣ ብረት ላይ አንድ ነገር ሲያብረቀርቅ አየ፤ ፀጉር ነው፣ አንዲት ቀጭን ፀጉር። በወረንጦ አንስቶ ወረቀት ውስጥ አጠፋት። ሠዓሊዋ አየችው። ጨርቁን ቶሎ ብላ አወረደችው።

የበር ጠባቂዋ አንድ ስም ሰጠችው። ረቡዕ ዕለት የተፈጥሮ ሳይንስ ፕሮፌሰሩ መጥቶ ሲጮህ እንደቆየ፣ ሲወጣም ትልቅ ቦርሳ ይዞ እንደነበር ነገረችው። ኢንስፔክተሩ ቢሮው ድረስ ሄደ።

«አዎ፣ ጮኼያለሁ!» አለ ፕሮፌሰሩ ገና ሳይቀመጥ። «ሃያ ስድስት ዓመት ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ረዳቴ ነበረች። እንደሷ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ያን እጅ ይዛ ሄዳ ቅጠል ትሰፋለች! ሳይንስ ጌጥ አይደለም ብዬ ለኃላፊው ነግሬዋለሁ።»

«ሥራውን አይተውታል?»

«አላየሁትም፤ አያስፈልገኝም።»

«ቦርሳው ውስጥስ ምን ነበር?»

«መጽሐፍ! እያነበብኩ ላሳምነው። ምን ሊሆን ኖሯል?»

«ትናንት ማታስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ብቻውን የሚኖር ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን አጥፎ ሲነሳ፣ ፕሮፌሰሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ቢጫዋ በሕይወት አለች?» ብሎ ጠየቀ።

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን መልሶ ከፍቶ ጥያቄውን ጻፈ።

ከምሳ በኋላ ወደ ፖሊስ ቤተ ሙከራ ጎራ አለ። ባለሙያዋ ያቺን ፀጉር ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣ ቦታውን ለቀቀችለት። «እስቲ ራስዎ ይዩት።»

አጎንብሶ አየ። ለዓይን የማትሞላው ነገር እንደ ተወለወለ ግንድ ግዙፍ ሆና ብርሃን ውስጥ ተጋድማለች፤ ላይዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት በቅርፊት ተሸፍኗል።

«ጫፏን አዩ? እየቀጠነ ሄዶ ይሾላል። እኔና እርስዎ ፀጉራችን ጫፉ ድፍን ነው፤ ስንቆረጥ ስለኖርን። ይቺን መቀስ ነክቷት አያውቅም። እንዲህ የምትሳሳ ደግሞ የሕፃን ፀጉር ናት፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው።»

«ተነቅሎ ነው?»

«አይደለም። በሌላው ጫፍ ሥሯ አለ፣ ክብ ብሎ ደርቋል። ጊዜዋ ሲደርስ በራሷ የወደቀች ናት።»

ሕፃን። እንዲህ ያለ ነገር በሌባ መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል? ኢንስፔክተሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ጨርቁን ገለጠና የጠዋቱን ፎቶ አውጥቶ ባዶው ቦታ ጎን ያዘው። ዓይኑን አሻሸ። እንደገና አየ።

ጠዋት ቢጫው ነገር ከባዶው ቦታ ግራ ጠርዝ ተነስቶ እስከ አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ደርሶ ቆሞ ነበር። አሁን ሃያ ሦስት ላይ ነው። ማንም አልነካውም፤ በሩ ላይ ኮንስታብል አለ። ጫፉ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ፣ ከኋላው ትንንሽ ሥሮች እየተጋጠሙ ወፍራም ሥር እየሠሩ ነው። ትንፋሹን ይዞ ተጠጋ። በሥሩ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ፊት ይፈስሳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ሃያ ዓመት ሬሳ ያየ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ሠዓሊዋን ጥሩልኝ!»

ስትመጣ ጎኑ ቆመች፤ ፊቱ ላይ ያለውን ድንጋጤ አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ቀለም መስላህ ነበር አይደል? ሕይወት ያላት ናት። እንስሳ አይደለችም፣ ተክል አይደለችም፣ እንጉዳይም አይደለችም። ጫካ ውስጥ ከበሰበሰ ግንድ ላይ ነው ያገኘኋት። አንጎል የላትም፣ ዓይን የላትም፣ እግር የላትም። ግን ምግቧን ፍለጋ ትጓዛለች። ሁለት መንገድ ብትሰጣት አጭሩን ትመርጣለች። አንዴ ሄዳ ባዶ ሆኖ ያገኘችውን መንገድ ደግማ አትሄድበትም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከቁርሴ በፊት እሷን ነው የማያት።»

«በሰዓት ስንት ትሄዳለች?»

ሠዓሊዋ በጣቷ የወረቀቱን ዳር አሳየችው። በሹል እርሳስ የተጻፉ ትንንሽ መስመሮች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ቀንና ሰዓት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እዚሁ አዳራሽ፣ ከጨርቁ ሥር፣ ስትጓዝ የተለካችበት ነው። የአንድ ሰዓት ልዩነት ባላቸው ሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ሁሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ኢንስፔክተሩ የራሱን ልክ አሰበ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አሥራ ሰባት። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሃያ ሦስት። በስድስት ሰዓት ስድስት ሴንቲ። ሣጥኗ ስትነሳ ነው መንገዱ የተከፈተላት። ሃያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጠረ።

«ትናንት አሥር ሰዓት» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ሁለት ሰዓት እንኳ ብሳሳት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ዘበኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ሥራ የገባው።»

«እኔ አልነገርኩህም» አለች ሠዓሊዋ። ድምጿ ተሰበረ። «እሷ ናት የነገረችህ።»

ኢንስፔክተሩ ኃላፊውን አስጠርቶ ጨርቁ ፊት አቆመው። «ትናንት ማታ ሲያስረክቡ ይኼን ጨርቅ ገልጠዋል?»

«እኔ... ሥራው እኮ ነበር፤ ጨርቁ...»

«ገልጠዋል ወይ ነው ያልኩት።»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «ጨርቁን ነው ያየሁት። ቸኩዬ ነበር።»

«አንድ ሽማግሌ በእርስዎ መቸኮል ታስሮ ዋለ። አሁኑኑ እውነቱን ይጻፉና ይፈርሙ።» ወዲያው ወደ ጣቢያ ደወለ። ዘበኛው በመኪና ቤቱ እንዲደርስ፣ ኮንስታብሉም ወርዶ በሩን ከፍቶ ይቅርታ እንዲጠይቀው አዘዘ።

ከዚያ የእንግዳ መዝገቡን ከፈተ። ረቡዕ ከሰዓት ሁለተኛው ፎቅ ላይ የወጡ ሦስት ሰዎች ናቸው። የመብራት ሠራተኛው ስምንት ሰዓት ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ወጥቷል፤ እሱ ከሄደ በኋላ ሠዓሊዋ ራሷ የቢጫዋን ወረቀት በውሃ አርጥባለች፣ ሣጥኗ በቦታዋ ነበረች። ፕሮፌሰሩ ዘጠኝ ተኩል ገብቶ አሥር ተኩል ወጥቷል።

«ያን አንድ ሰዓት የት ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ቢሮ ውስጥ» አለ ኃላፊው በምሬት። «ጠረጴዛዬን ሲደበድብ። ኮሪደሩ በሙሉ ሰምቶታል። ከደረጃው እስከ በሩ ድረስም እኔው ነኝ የሸኘሁት።»

ፕሮፌሰሩም ከተጠርጣሪነት ወጣ። ሦስተኛው መስመር ላይ በደቃቅ የሴት ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «እህት፤ መነጽር ለማድረስ። ዘጠኝ አርባ። አሥር ሰዓት ከሩብ።»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ የሠዓሊዋን አዲስ መነጽር አየ።

«እህትዎን ለምን ያህል ጊዜ ብቻዋን ተዉአት?»

«ሃያ ደቂቃ። ከሥራው ሥር የሚለጠፉትን ጽሑፎች ከታች ላመጣ ወርጄ ነበር።» አልቃሻ ሴት አትመስልም፤ አሁን ግን መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። «አታስራት። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

«ልጅ አላት?»

«ነበራት።»

መነጽር ቤቱ ሁለት ጎዳና አልፎ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሩ ሲገባ፣ ታናሽ እህት ከጀርባው ክፍል ውሃ የሚያንጠባጥብ ማሽን ላይ ሌንስ እየሳለች ነበር። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። እጆቿ እንደ እህቷ እጆች ናቸው፤ የማይንቀጠቀጡ። ሠዓሊዋ ደጃፉ ላይ ቀርታለች፤ ለመግባት አልደፈረችም።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ያቺን ፀጉር አሳያት። «ከመያዣው ብረት ላይ ቀርታ ነበር። ዘበኛው በዚህ ምክንያት ታስሮ ዋለ።»

ሴትየዋ ማሽኑን አጠፋች። የውሃው ጠብታ ብቻ ተሰማ።

«ልጄ ሰባት ወር ነው የኖረችው» አለች። «ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ሳንባዋ ነበር፤ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ትናንት ጨርቁን የገለጥኩት እንዲሁ ለማየት ብዬ ነው። እታለም ለወራት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ደስ ብሎኝ እያየሁ፣ እያየሁ፣ ሣጥኗ ላይ ስደርስ... አወቅሁት። ሥሩ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ወርቅማ። የሌላ ሰው ፀጉር እንዲያ አይደለም።»

«ከዚያስ?»

«እዚያው ትሪ ላይ ስለት ነበር። ቆርጬ በመነጽር ቤቱ ከረጢት ይዣት ወጣሁ። ዘበኛ መታሰሩን ማን ነግሮኝ! ብሰማ ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር።» ከመደርደሪያው ሥር ሣጥኗን አወጣች። በነጭ ፎጣ ተጠቅልላለች። «ልጄ ስትሞት ያጠበቻት እህቴ ናት። እኔ አቅም አልነበረኝም፣ ሌላ ክፍል ተኝቼ ነበር። ለካ ያኔ ነው ከሬሳዋ ላይ የቆረጠችው! ሳትጠይቀኝ! ለሕዝብ ልታሳያት!»

ፎጣውን ገለጠች። ኢንስፔክተሩ ተጠጋ።

በመስታወቱ ሥር አንድ ዛፍ ቆሟል፤ ወይም የአንድ ትንሽ ልጅ ሳንባ። ግንዱ ከመቶ ፀጉር ተገምዷል፤ ግንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት እየተከፈሉ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ አንዳንድ ፀጉር ብቻ ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከጤዛ የምታንስ የመስታወት ጠብታ ተሰክታለች። ጠብታዎቹ የሱቁን ብርሃን ይዘዋል። እጁ ሳያውቀው ቆቡን አወለቀ።

«የሚያናድደው እኮ ማማሩ ነው» አለች ታናሽ እህት እንባዋ እየወረደ። «አስቀያሚ ቢሆን ሰብሬው እሄድ ነበር።»

«እመቤቴ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «አንድ ነገር ላስተካክል። ይቺ ፀጉር አልተቆረጠችም። ቤተ ሙከራ አይተዋታል፣ እኔም አይቻታለሁ። በአንድ ጫፏ ሥሯ አለ። ልጅቷ በሕይወት እያለች በራሷ የወደቀች ናት።»

ሴትየዋ አፈጠጠችበት። ከዚያ ዓይኗ በእሱ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

ሠዓሊዋ ገብታ ቆማለች። «ከትራሷ ላይ ነው የለቀምኩት፣ ጩጬ» አለች። «አንቺ ደክሞሽ ስትተኚ እኔ ነበርኩ አጠገቧ የምቀመጠው። ትንፋሿን እቆጥር ነበር፤ አንዱ ሲዘገይብኝ የኔም አብሮ ይቆማል። ጠዋት ስትነሳ ትራሷ ላይ ሁለት ሦስት ፀጉር ይቀራል። መጣል አቃተኝ። በየቀኑ ወረቀት ውስጥ አኖረው ነበር። ሬሳዋን መቀስ አልነካውም። በምን አንጀቴ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሟን ስጠራ ከክፍሉ ትወጪ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ተውኩትና... እጄ ብቻ ማውራት ቀጠለ። ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። የኔ አልነበረችም የምሰጠው።» ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች። «ጻፍልኝ። ሣጥኗ የእህቴ ናት። ያለ ፈቃድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ክስ የለኝም።»

«ሙዚየሙስ?» አለች ታናሿ።

«ኃላፊው ዛሬ የፈረመው ወረቀት እኔ ጋ ነው ያለው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ክስ የሚያምረው አይመስለኝም።» ማስታወሻውን ዘጋና ሂድ የሚለው ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ ቆመ፤ መሄድ ነበረበት፣ እግሩ ግን እምቢ አለው።

ሁለቱ እህትማማቾች ሣጥኗን በመካከላቸው አድርገው ተቀመጡ። ታናሿ በመስታወቱ ላይ ጣቷን ከግንዱ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ጫፉ ቀስ እያደረገች ወሰደችው።

«እዚህ ጋ ነበር ትንፋሿ የሚያፏጨው» አለች ከቀኝ በኩል ቆም ብላ።

«እዚያው ጋ» አለች ታላቋ። «ዶክተሩ ከማወቁ በፊት አንቺ ነሽ የሰማሽው።»

«ቅዳሜ ለሙዚየሙ አንቺ አትሰጫትም» አለች ታናሿ። «እኔ ነኝ ይዣት የምመጣው። ማታ ደግሞ ይዣት እገባለሁ። በቃ ለአንድ ቀን። ሰው ይያት።»

«እንዳልሽ፣ እናቴ።»

«ከሥሯም ጽሑፍ ይኑር። ማን እንደሆነች።»

ሠዓሊዋ ከኪሷ እርሳስ አወጣች፣ የሚጻፍበት ፈልጋ የመነጽር ቤቱን ደረሰኝ ገለበጠች፣ ጠበቀች። ታናሽ እህት አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሣጥኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከዚያም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጅ ከጓሮ እንደሚጠራ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የልጇን ስም ጠራች።